ሙጫው ሳይለቅ

መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ አበባ ያለበት ወረቀት የሚለጥፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እስኪ ንገሩኝ! ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ለጥፎ እብስ አለ፤ ስንልጥ የከረምነው እኔና እጮኛዬ ነን።

እጮኛዬን ያገኘሁት አምና የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው። አንዲት የቀረች የቀለም መፋቂያ ላይ ሁለታችንም እኩል እጃችንን ሰደድን። እሱ ወዲያው ለቀቀልኝ። «እሺ፣ አንቺ ውሰጂያት» አለና አቀረቀረ። እንዴት ያለ ጨዋ ነው ብዬ ልቤ ቅልጥ አለ። ጨዋነት ብቻ መስሎኝ ነዋ! ለሁሉም ሰው እሺ ባይ መሆኑን የደረስኩበት በኋላ ነው።

ከሠርጋችን በኋላ የምንገባባት ይህች ቤት ጠባብ ናት፤ ግን ቁልፏ በእኛ እጅ ነው። ወረቀቱ ተልጦ ሲያልቅ ደግሞ ሙጫው ቀረ። ሙጫ ሲደርቅ አይታይም፤ ግድግዳው የጸዳ ይመስላል። በሞቀ ውሃና በሳሙና ታሽቶ ካልለቀቀ ግን የተቀባው ቀለም ውሎ አድሮ እየተላጠ ይወርዳል። ስንጥቁን በስቱኮ መድፈን፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ መቀባት፣ ይሄ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች እንፈትጋለን። ክርኔ ትከሻውን ሲነካው ቀና ይላል፤ እንተያይና ዝም እንላለን። ያ ዝምታ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን እንዲህ ስንፈትግ ታላቅ እህቱ ሳታንኳኳ ገባች። እናት አባታቸው ካረፉ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እትዬ ነው የሚላት። ዙሪያውን ቃኘችና በከንቱ ለምን እንደምንለፋ ጠየቀችን። ለካ ከሠርጉ በኋላ እሷ ጋ እንድንኖር ወንድሟ ከተስማማ ሰንብቷል!

ደሜ ፈላ። ዞሬ ሳየው ስፖንጁን እንደያዘ መሬት መሬት ያያል። ለእሷም እሺ፣ ለእኔም እሺ! እህቱ የኋላው ክፍል እንደተዘጋጀልን ነግራን ወጣች፤ እኔን አንድም ነገር ሳትጠይቅ።

«መቼ ልትነግረኝ ነበር?» አልኩት።

«እንዳትከፊ ብዬ…»

«እሷም እንዳትከፋ፣ እኔም እንዳልከፋ! የማገባው አንተን ነው ወይስ እሺታህን?»

የቀለሙን ባልዲ ከፈትኩና ሮለሩን እጁ ላይ አስጨበጥኩት። ሙጫው እንዳለ ቅባው፣ ቁልፉን ለአከራዩ እንመልስ፣ አንተም ወደ እህትህ፣ እኔም ወደ እናቴ ቤት አልኩት። የምሬን ነበር።

ሮለሩን መሬት አስቀመጠው።

«አልቀባም።»

«ምን አልክ?»

«ሙጫው አልለቀቀም። እኔ የምለፋው ለሌላ ተከራይ አይደለም። አልቀባም።»

ይታያችሁ! በሕይወቱ የመጀመሪያዋን እምቢታ በእኔ ጀመራት! ልናገር አፌን ስከፍት እጁን በሱሪው ጠረገና ስልኩን አወጣ።

«እትዬ፣ አንመጣም» አላት። «የምንኖረው እዚህ ነው። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።»

ለቅሶዋ ከቆምኩበት ይሰማኛል። ታዲያ እኔ ማን አለኝ እያለች ነው። ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ ነበር እሺ የሚላት። አሁን ግን ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም።

«እኔ አለሁሽ እትዬ። ቤቴ ግን እዚህ ነው።»

ስልኩን ሲዘጋ እሱም ያለቅስ ነበር። ቁጣዬ አልበረደም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላልኩትም። ውሃው ስለቀዘቀዘ ባልዲውን አንስቼ ሌላ ላሞቅ ወጣሁ። ስመለስ በሩ ላይ ተገትሮ አገኘሁት፤ ትቼው የሄድኩ መስሎት ኖሯል።

«ምን ትገተራለህ?» አልኩት ባልዲውን እያቀበልኩት። «ቤታችን ገና ብዙ ሥራ አለው።»