በሆዱ የተኛው ሹፌር

ሟቹ በሆዱ ተኝቶ ነበር። መርማሪዋን በሩ ላይ ያቆማትም ይኸው ነው። ጀርባው ላይ ቁልቁል የወረደ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ አለ። ከጠባሳው ከፍ ብሎ ሚስቱ ጠዋት የለጠፈችለት የሕመም ማስታገሻ ፕላስተር ይታያል፤ በዙሪያው ቆዳው ቀልቷል። ከሆዱ ሥር ትራስ ተደርጎለታል። ደም የለም፣ የተደፋ ብርጭቆ እንኳን የለም።

ሰውየው የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አከርካሪው በብረት ከታሰረ ወዲህ ግን መሪ መጨበጡ ቀርቶ ጫማውን ማሰር አቅቶት የአልጋ ቁራኛ ሆነ። ሐኪሞቹ «ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል» ብለውታል። ሕመሙ ግን ይህን አልሰማም።

መርማሪዋ ይህን ስኬት በራሷ ወገብ ታውቀዋለች። ከሸሚዟ ሥር ጠበቅ ያለ የወገብ መደገፊያ ታጥቃ ነው የምትውለው። ወንበር ሲቀርብላት «ቆሜ ይሻለኛል» ትላለች፤ ተጠያቂዎች ልታስፈራራቸው የቆመች ይመስላቸዋል።

«ገዳይ ፍለጋ ምን ያደክምዎታል?» አላት የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ መካኒኩ። «ሚስቱ በሰው ፊት ‹እግዜር ይገላግለኝ› ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ከማን ነው የሚገላግላት?»

«ብያለሁ» አለች ሚስቱ፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊዋ። ዓይኗ አብጧል። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት እየሰማሁ ምን ልበል? ጠዋት ለጠፍኩለት፣ በጎኑ አስተኝቼው ሥራ ሄድኩ። ስመለስ…»

«በጎኑ ነው ያሉኝ?»

«በጎኑ። በሆዱማ ብቻውን መገልበጥ አይችልም።»

«ማስታገሻውን ሲሰጧችሁ ያስጠነቀቋችሁ ነገር ነበር?»

«ሙቀት እንዳይነካው ብለውናል። ለእናትህ ንገራቸው አልኩት።»

«ራስዎ ለምን አልነገሯቸውም?»

ሚስቲቱ አንገቷን ደፋች። «አንነጋገርም።»

ምራትና አማት ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ እሳትና ጭድ ናቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ ጨው ማለቁን እንኳን የሚነጋገሩት በሹፌሩ አፍ ነበር። ሲታመምም ከዚህ ሥራ አላሳረፉትም።

እናቱ ጓዳ ውስጥ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል።

«እናቴ፣ ዛሬ የሰጡት ነገር አለ?»

«ምንም አላቀመስኩትም ልጄ። ውሃ እንኳን ከእጄ አልጠጣም።»

እውነታቸውን ነበር፤ መርማሪዋም አመነቻቸው። ስትወጣ ግን ልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ቧንቧው ላይ ቁልቁል የተንጠለጠለ የላስቲክ ከረጢት አየች፤ ሙቅ ውሃ ተሞልቶ ገላ ላይ የሚደረግ ዓይነት። አፉ ገና ያንጠባጥባል። ወቅቱ ደግሞ ሰው ቁጭ ባለበት የሚያልብበት ነው።

በማግሥቱ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለላት። «መድኃኒቱ በዝቶበት ትንፋሹ ቆሟል። ግን የተለጠፈለት አንድ ብቻ ነው፣ የቀሩትም አልተነኩም። ሚስቱ ሌላ ነገር ሰጥታው ይሆናል።»

ስልኩን ዘጋች። ዝም ብትል ምራቲቱ ትታሰራለች። ብትናገር ደግሞ አንዲት እናት በቁማቸው ይሞታሉ። ሁለቱንም የምታድንበት መንገድ ፈልጋ አጣች።

ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ፖሊሶች ሚስቲቱን ሊወስዱ ደጅ ቆመዋል።

«ሟቹ በሆዱ ነበር» ብላ ጀመረች። «አከርካሪው የታሰረ ሰው ብቻውን አይገለበጥም፤ እኔ ራሴ ሞክሬ አልቅሻለሁ። ስለዚህ ሰው ገልብጦታል። ከሆዱ ሥር ትራስ ያደረገለት ሰው ደግሞ የሚሳሳለት ነው።»

«ለምን ይገለብጠዋል?» አለ መካኒኩ።

«ጀርባው ላይ የሚቀመጥ ነገር ስለነበረ። ቆዳው የቀላው በሙቅ ውሃ ከረጢቱ ልክ ነው። ከረጢቱን ቧንቧው ላይ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት፤ በዚህ ሙቀት በርዶት የሞላው ሰው የለም። ማስታገሻው በቆዳ በኩል ቀስ እያለ ነው ወደ ደም መግባት ያለበት። ሙቀት ሲያገኘው ግን ይንደረደራል። አንዱ ብቻውን የገደለው ለዚህ ነው።»

«እኮ ማን?»

«ሚስቱ ቢሮ ነበሩ፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው መስክረዋል። እርስዎም ጋራዥ ነበሩ…» ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አላስፈለጋትም፤ ሁሉም ዞረው እናትየውን አዩ።

«ሙቀት እንዳይነካው መባሉን ልጅዎ አልነገረዎትም?» አለቻቸው በቀስታ።

«አልነገረኝም» አሉ እናቱ። «‹እማዬ፣ የሚያሽለኝ ይኼ ብቻ ነው፣ ለእሷ እንዳትነግሪያት› አለኝ። እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አንጀቴን በላው።»

መካኒኩ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ሕግ ለመርማሪዋ ለዚህ የሚሆን ቃል አልሰጣትም።

ሚስቲቱ ተነሥታ አማቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አውጥታ ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ ሲሞት አቃሰተ?»

«ኧረ አላቃሰተም ልጄ። ዝም አለ። እኔም እንቅልፍ ወሰደልኝ ብዬ፣ ከረጢቱን አንሥቼ፣ እንዳይነቃ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። በዚያን ቀን የእኔን ያህል ደስ ያለው ሰው አልነበረም።»