አየር ሲያገኝ የነደደው ዱቄት

አላምንም የሚል ይኖራል፤ አልቀየመውም። ግን እንጦጦ ማርያም ትታዘበኝ፣ አንዲት ቃል አልዋሸሁም።

ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለ ግቢ ዶክተር ዮፍታሔ የባሕር ዛፍ ሊግኒን፣ ማለቴ እንጨቱን አጣብቆ የሚያቆመውን ሙጫ፣ በኒኬል ዱቄት እየሰባበረ የቀለምና የመድኃኒት ጥሬ ዕቃ ያወጣ ነበር። ሰው እንዳይረብሸው ዘበኛው ጋሼ ቶለሳ ከውጭ እንዲቆልፍበት ያዛል። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ተቆለፈበት፤ ስምንት ሰዓት ላይ ሲከፈት ወለሉ ላይ ሞቶ ተዘርግቶ ተገኘ። ቁስል የለ፣ ደም የለ።

ጉዱ ከዚያ ነው። አጠገቡ ወረቀት ላይ በእርጥቡ ተሰጥቶ የነበረው ጥቁር የኒኬል ዱቄት፣ በሩ ከተከፈተ በኋላ ማንም ሳይነካው እንደ ዓይን ቀላ፣ ፈካ። ሰፈሩ የተቆረጡት ዛፎች መንፈስ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ በግቢው ጥግ የሚያልፍ ሰው ጉሙ ውስጥ የሆነ ነገር ሲተነፍስ ይሰማል። እኔም ሰምቻለሁ፤ ሮጫለሁም።

ፖሊስ መንፈስ አያስርም። ቁልፉ ያለው ቶለሳ ዘንድ ነውና በስድሳ ዓመቱ እጁ ካቴና ሊገባ ሆነ።

ኢንስፔክተር ዘርትሁን ግን አልቸኮለችም። መጀመሪያ የጽዳት ሠራተኛዋን እትዬ አጸደን ጠየቀች።

«በሩ ሲከፈት ማን ነበር?»

«ጋሼ ቶለሳ፣ እኔና ዶክተር ኪሩ። ኪሩማ የሟች አብሮ አደግ ነው። ዋይ ብዬ ሬሳው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። ‹ቆዪ፣ ትንሽ ይናፈስ› አለኝ። እስካሁን ያመኛል።»

ኪሩ በመንፈሱ ወሬ ሳቀ። ያ ዱቄት ደርቆ አየር ሲያገኝ እንደሚነድ፣ ለዚህም ውሃ ውስጥ እንደሚቀመጥ አስረዳት። እሷም አመስግና ወደ ጓሮ ዞረች። የክፍሉ አየር መግቢያ ቀዳዳ ከውጭ በሸማኔ ክር ተወትፏል። በቧንቧ ከክፍሉ ጋር በተገናኘው መጋዘን፣ ሰኞ ሞልቶ የመጣው የናይትሮጅን ሲሊንደር ባዶ ሆኗል። የሟች ደብተር ላይ ደግሞ ኪሩ ለዶክትሬቱ የጻፈው ሙከራ ጭራሽ እንዳልተሠራ፣ ባለው ሙቀት ሊግኒኑ ከሰል ሆኖ እንደሚቀር ሰፍሯል። ከሥሩ፦ ‹ሐሙስ ለዩኒቨርሲቲው ጉባኤ እናገራለሁ።›

ረቡዕ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ዱቄቱ ደርቆ ነበር፤ በሩ እስኪከፈት ግን አልነደደም። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ የሚተነፈስ አየር አልነበረም፤ ከመጋዘኑ በቧንቧ የተለቀቀው ናይትሮጅን አስወጥቶታል። ናይትሮጅን ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ሟች ሳያውቅ ነው የወደቀው። ገዳዩ በር አላስፈለገውም። ጋሼ ቶለሳን ተዉአቸው።»

«መጋዘኑ አይቆለፍም፤ ማንም ይከፍተዋል» አለ ኪሩ።

«እውነት ነው። ግን አብሮ አደጉ ሞቶ እያየ ደጃፍ ቆሞ ይናፈስ የሚል ማን አለ? እዚህ አገር ሰው ዘሎ ሬሳው ላይ ይወድቃል። እርስዎ ግን እትዬ አጸደን ጎትተው አስቀሯቸው። ከገቡ እንደሚሞቱ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ኪሩ ከኢንስፔክተሯ ፊቱን መለሰ። ከዚያ አጸደን አየ።

«እሷ ምን አደረገችኝና ትሙት?» አለ ቀስ ብሎ።

ሲወስዱት ኪሩ ከጋሼ ቶለሳ ጉልበት ሥር ወድቆ ይቅርታ ለመነው።

እ... ይህችን ብቻ እኔ ነኝ የጨመርኳት። እውነቱን ከሆነ፣ ኪሩ ቶለሳን ቀና ብሎም አላየው። ግን ታሪኩን ባወራሁ ቁጥር ቶለሳ ይመጣል፤ እዚህች ጋ ስደርስ ጆሮውን ያቆማል። ታዲያ ምን ላድርግ?