የሳንታ ኤውላሊያ ዝምታ

ኢንጂነር ኤቫሪስቶን የገደለው ሰው አንድ ምት አልበቃውም። መዶሻው ሦስት ጊዜ አርፎበታል፤ ሦስተኛው ሲያርፍ ኤቫሪስቶ ወለሉ ላይ ተደፍቶ ነበር። ደሙ ከሥራ ጠረጴዛው እግር ተነስቶ እስከ መስኮቱ ተረጭቷል። ዙሪያውን ስምንት ሬዲዮኖች በዚያው መዶሻ ተከስክሰው፣ ሽቦው ከደም ጋር ተለውሶ፣ ክፍሉ ቦምብ የወደቀበት ይመስላል።

መርማሪ ሂሜና ኦያርሱን የዚያው የታልካዋኖ ወደብ ልጅ ናት። አባቷ አሣ አጥማጅ ስለነበር፣ ሬሳ ከባሕር ሲወጣ እያየች ነው ያደገችው። ቁጢጥ ብላ የሟቹን ቀኝ እጅ አነሳች። ጡጫው እንደተጨበጠ ነው፤ ሁለት ጣቶቹ ግን ወደ ኋላ ተቀልብሰው ተሰብረዋል።

«ሲታገል ነው የተሰበሩት?» ስትል ሐኪሙን ጠየቀችው።

«አይደለም። እብጠት የለውም። ከሞተ በኋላ ነው።»

«እንግዲያው አንድ ሰው ጡጫውን ሊከፍት ታግሏል። ሳይሳካለትም ሸሽቷል።»

ሐኪሙ ጣቶቹን ቀስ ብሎ ፈለቀቃቸው። ከመዳፉ ውስጥ አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ቁራጭ ወጣች። በግራና በቀኟ ሃያ አራት ቀጫጭን የብረት እግሮች አሏት፤ አንዱም አልተጣመመም።

ጠረጴዛው ሥር የወደቀው የመበየጃ ብረት የወለሉን ሳንቃ አቃጥሎ አጥቁሮታል። ሂሜና በመሐረብ አንስታ ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። የተቃጠለ ቆዳ ተጣብቆበታል።

«ሟቹ ላይ የቃጠሎ ምልክት አለ?»

«ምንም የለም» አለ ሐኪሙ።

ሳጅን ፒኖ በሩ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤቴ፣ ባንደክም ይሻላል። ገዳዩ እኮ ታች መኪና ውስጥ ታስሯል። ሸሚዙ እስከ ክርኑ ደም ነው፤ ምስክርም አለን።»

«አንተ መቼም ዳቦው ሳይበስል ነው የምትቆርሰው» አለችው። «በል አምጣው።»

ወርክሾፑ የሦስት ሸሪኮች ነው። ኢንጂነር ኤቫሪስቶ ንድፉን ይሠራ ነበር፤ ወይዘሮ ግራሲዬላ ደንበኛ ታመጣለች፤ ከባሕር ኃይል በጡረታ የወጣው ዶን ባልዶሜሮ ሪፎ ደግሞ መሣሪያውን ያውቀዋል። ለጦር መርከብ የተሠራ ሬዲዮ ወስደው ለአሣ አጥማጅ ጀልባ እንዲሆን ያሻሽሉታል። ሬዲዮው በሰከንድ መቶ ጊዜ ሞገድ እየቀያየረ ስለሚናገር ጠላት ሊጠልፈው አይችልም። አሣ አጥማጅ ጠላት ባይኖረውም ተፎካካሪ አለው፤ አሣ ያገኘበትን ቦታ ለጓደኛው ሲነግር ወደቡ ሁሉ እንዲሰማበት አይፈልግም። የጀልባ ባለቤቶች ለዚህ ነበር የተሰለፉት።

ኒባልዶ የወርክሾፑ ቴክኒሺያን ነው። እጁ በካቴና ታስሮ ገባና ሬሳውን ላለማየት ፊቱን አዞረ።

«ትናንት ‹እገድልሃለሁ› ብለኸዋል ይላሉ» አለችው ሂሜና።

«ብያለሁ። ለምን እዋሻለሁ? አምና ክረምት ጀልባዋ ሳንታ ኤውላሊያ ሰባት ሰው ይዛ ስትሰምጥ ካፒቴኑ ወንድሜ ኤሊሴኦ ነበር። ሸሪኮቹ የድሮውን ሬዲዮ አስወልቀው የኛን አስገጠሙለት። አንድም የእርዳታ ጥሪ አልተሰማም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ‹ሰክሮ ነው ያልጠራው› ይላል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች። ሬዲዮው ነው የገደለው ብዬ ኤቫሪስቶን አንቄዋለሁ፤ እውነት ነው።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«አለቀሰ። ‹ነገ ጠዋት አራት ተኩል ላይ ና፣ የማሳይህ ነገር አለ› አለኝ። አራት ተኩል ላይ መጣሁ። የብረት ደረጃውን ስወጣ ከውስጥ ኮቴ ሰማሁ፤ ስገባ እንደዚህ ሆኖ አገኘሁት። ላነሳው ስታገል ነው ደሙ የነካኝ።»

«በዚህ ደረጃ ላይ ማንም ወደ ታች አልሮጠም?»

«ማንም የለም፣ እመቤቴ።»

ቁራጯን አሳየችው። ፊቱ ተለወጠ።

«ይቺ ከዚህ ሆነን ጀልባዎቹን የምንጠራበት የዋናው ሬዲዮ ልብ ናት። ሞገድ መቀያየሩን የምትመራው እሷ ነች። እሷ ከወጣች ሬዲዮው ድዳ ነው።»

«ለማውጣት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«እግሮቹን አንድ በአንድ አሙቆ፣ እርሳሱን አቅልጦ መምጠጥ ነው። የኤቫሪስቶ እጅ ከሆነ አርባ ደቂቃ፤ የኔ ከሆነ አንድ ሰዓት።»

«ተቸኩሎ ቢነቀልስ?»

«እግሮቹ ይሰበራሉ። ይኼ እኮ ንጹሕ ነው።»

ሂሜና አመስግናው ከፍርስራሹ መካከል በእርሳስ ጫፍ ስትፈትሽ ቆየች። ከተሰባበረ ሳጥን ሥር ሌላ ቁራጭ አገኘች። ያችኑ ትመስላለች፤ ልዩነቱ ይቺኛዋ በባሕር ጨው ነጭታ ዝጋለች። መርማሪዋ ሁለቱን መዳፏ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ አስተያየቻቸው።

ወይዘሮ ግራሲዬላ ቢሮዋ ውስጥ ሻይ ቀድታ አልጠጣችውም።

«አራት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው ኒባልዶ ሲጮህ የሰማነው። እኔና የበር ጠባቂዋ ተያይዘን ወጣን። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። የመዶሻ ድምፅማ እዚህ ቀኑን ሙሉ ስለማይጠፋ ልብ አላልነውም።»

«ከባሕር የወጣ ሬዲዮ እዚህ መጥቶ ነበር?»

«ባለፈው ሳምንት በመረብ ያገኙት ነው፣ የሳንታ ኤውላሊያ። ኤቫሪስቶ ተቀበላቸውና ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ምን አገኘህ ብዬ ብጠይቀው ‹ባልዶሜሮን ሳልጠይቅ አልናገርም› አለኝ።»

«ጀልባዋ በሰመጠችበት ቀን እናንተ የት ነበራችሁ?»

ግራሲዬላ አሰብ አደረገች። «እዚሁ። ከውጭ የመጡ ሁለት ገዢዎች ነበሩ። ባልዶሜሮ የጦሩን ዘዴ አሳያቸው፤ አንድ ቁልፍ ሲጫን ሬዲዮኖቹ ሁሉ አንድ ላይ ዝም ይላሉ። በጦርነት ጊዜ መርከቦች በድምፃቸው እንዳይታወቁ የተሠራ ነው። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ለጀልባዎቹ ግን ይህ ነገር የሌለው ሌላ ልብ ነው የሚገጠመው፤ ባልዶሜሮ ራሱ ማውጣቱን ፈርሟል።»

ዶን ባልዶሜሮ ከታች ጀልባዎች በሚታሰሩበት መድረክ ላይ ቆሞ ባሕሩን ያያል። ስድሳ ዓመት ያለፈው ደልዳላ ሰው ነው፤ ቀኝ እጁን በሻሽ ጠቅልሏል።

«ምን ሆኑ፣ ዶን ባልዶሜሮ?»

«ገመድ ላጠኝ፣ ልጄ። እርጅና ነው። ከንጋት ጀምሮ ብቻዬን ባሕረ ሰላጤው ላይ ሬዲዮ ስሞክር ነበር።»

«ከኤቫሪስቶ ጋር ተነጋግረዋል?»

«እንዴታ! አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ በዋናው ሬዲዮ ጠራኝ። ‹ኒባልዶ እየጮኸ ደረጃውን እየወጣ ነው፣ ፈራሁ› አለኝ። ከዚያ ጸጥ። ደጋግሜ ብጣራ መልስ የለም። እየበረርኩ መጣሁ፤ ምን ያደርጋል!» ዓይኑን በግራ እጁ አበሰ።

ሂሜና የሱን ጀልባ ተመለከተች። ከወርክሾፑ የኋላ በር የሚወርደው የእንጨት መሰላል እስከ ውሃው ይደርሳል፤ ከግቢው በር ላይ ሆኖ አይታይም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል፤ ደሙ ግን ወለሉ ላይ አለ። ማንም ሊረግጠው ስላልፈለገ ግድግዳው ሥር ተደርድረው ቆሙ። ማዕበል ይዞ የሚመጣው የሰሜን ነፋስ ተነስቶ መስኮቱን ያንገጫግጨዋል።

«የኒባልዶን ካቴና ፍታለት» አለች።

«እመቤቴ!» አለ ፒኖ።

«ፍታለት አልኩህ።» ከዚያ ሁለቱን ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ኤቫሪስቶ ይቺን ይዞ ነው የሞተው፤ ከዋናው ሬዲዮ ነው ያወጣት። እግሮቿ ደህና ናቸው፤ ስለዚህ አርባ ደቂቃ ወስዶ በሰላም ነው የሠራው። እሷ ከወጣች ደግሞ ያ ሬዲዮ አይናገርም። ኒባልዶ አራት ተኩል ላይ ገባ፤ ወይዘሮ ግራሲዬላና ጠባቂዋ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደረሱ። ኤቫሪስቶ ያኔ ሞቷል። አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ በሬዲዮ ተናግሮ ከነበረ፣ የአርባ ደቂቃውን ሥራ መቼ ሠራው?»

ቁራጯን አንስታ ለሁሉም አሳየቻቸው።

«ስለዚህ በሬዲዮ የተናገረ ሰው የለም። ‹ኒባልዶ መጣ ብሎ ነገረኝ› ያለን ሰው ከየት ሰማው? ኒባልዶ በዚያ ሰዓት ደረጃውን መውጣቱን የሚያውቅ፣ የደረጃውን ድምፅ ከዚህ ክፍል ውስጥ ሆኖ ያደመጠ ብቻ ነው። የሟቹን ጡጫ እየሰበረ ሳለ ኮቴ ሰማ፤ በኋላው በር ወጥቶ በመሰላሉ ወደ ጀልባው ወረደ።»

«ልጄ፣ ተይ» አለ ባልዶሜሮ በለሆሳስ። «አባትሽን አውቀዋለሁ።»

«አባቴም አንተን ያውቅህ ነበር» አለች፤ አንቱታው ቀረ። «ሻሹን ፍታው።»

«ገመድ ነው አልኩ እኮ!»

«ገመድ ሰፊ አድርጎ ነው የሚልጠው። እኔ በገመድ ነው ያደግኩት። ኤቫሪስቶ መጀመሪያ ስትመታው በጋለው ብረት ወግቶሃል፤ ቆዳህ ጫፉ ላይ አለ። ፒኖ፣ ፍታለት።»

ሻሹ ሲፈታ መዳፉ ላይ ያለው ቁስል ታየ፤ ጠባብ፣ ጥልቅ፣ ጫፉ የከሰለ።

«አሁን ምክንያቱን ልንገራችሁ። ይቺ በጨው የተበላችው ከሳንታ ኤውላሊያ የወጣች ናት። ኤቫሪስቶ ከዋናው ጋር ሊያስተያያት ነበር። አንድ ናቸው። ዝም የሚያሰኘው ነገር ከጀልባዎቹ አልወጣም፤ አንተ ወጥቷል ብለህ ፈረምክ። እንግዶችህ ፊት ቁልፉን ስትጫን እዚህ ያሉት ብቻ አይደሉም ዝም ያሉት። ማዕበል ውስጥ ያለች ጀልባም አፏ ተዘጋ። ዛሬ ስምንቱን ሬዲዮ የሰባበርከው ይቺ አንዷ ከፍርስራሹ ጋር ተጠርጋ እንድትጣል ነው። ያቺኛዋን ከጡጫው ልትነጥቅ የታገልከውም ሁለቱን ማንም እንዳያስተያይ ነው።»

ኒባልዶ ቀስ ብሎ ዞረ። «ስንት ደቂቃ?» አለ። «ቁልፉን ስንት ደቂቃ ይዘኸው ቆየህ?»

ባልዶሜሮ ወለሉን አየ። «ሻይ ጠጣን... መልሼ የከፈትኩት ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። ባሕር ላይ ማን እንዳለ አልጠየቅሁም።»

«ይጠራን ነበር ማለት ነው። ሩብ ሰዓት ሙሉ።»

ኒባልዶ አንድ እርምጃ ሲራመድ ባልዶሜሮ የአሣ መበለቻ ቢላዋውን ከቦት ጫማው መዞ ዘሎ ወጋው። ስለቱ የግራ ክንዱን ከክርኑ እስከ አንጓው ተረተረው። ሂሜና የብረት በርጩማውን በሁለት እጇ አንስታ የባልዶሜሮን አንጓ መታችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ቢላዋው ወደቀ። ኒባልዶ ግን አላቆመም። ሽማግሌውን ደሙ ላይ ጥሎ ደረቱ ላይ ወጣና አነቀው። ፒኖ ከኋላ ሊጎትተው ቢታገል ንቅንቅ አልል አለ። የባልዶሜሮ ፊት ጠቆረ፤ ተረከዙ ወለሉን ይደበድባል።

ሂሜና ተንበረከከችና አፏን ወደ ኒባልዶ ጆሮ አስጠጋች።

«ይህ ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ ‹እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁት› ካላለ ማን ሊል ነው? ዛሬ ከሞተ ወንድምህ ለዘላለም ሰካራም ነው። እናትህም ቤቷ ውስጥ ትቀራለች።»

ጣቶቹ ወዲያው አልላሉም። አንድ ሁለት ትንፋሽ ያህል ቆዩ። ከዚያ ኒባልዶ እጁን አንስቶ ወደ ጎን ተንከባለለና፣ ክንዱን ታቅፎ፣ እንደ ሕፃን ጮክ ብሎ አለቀሰ። ባልዶሜሮ እያሳለ፣ እየተፋ፣ በካቴና ታሰረ። ደረጃው ድረስ ሲጎትቱት «አላወቅሁም ነበር እኮ» እያለ ደጋገመ።

«የሳንታ ኤውላሊያን አላወቅህም ነበር» አለችው ሂሜና። «ኤቫሪስቶን ሦስቴ ስትመታው ግን ታውቅ ነበር።»

ግራሲዬላ የራሷን ሻሽ አውልቃ የኒባልዶን ክንድ ስታስር በድንገት እጇ ቆመ። መስኮቱን አየች። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ማዕበሉ የመድረኩን ጫፍ መዝለል ጀምሯል።

«ኒባልዶ፣ ዛሬ ጠዋት በኛ ሬዲዮ የወጡ ስንት ናቸው?»

«ሁለት። አራውካና እና ሎስ ኤርማኖስ። አሥራ ስድስት ሰው ይዘዋል።» ተነሳ። «የነፋሱን ነገር የነገራቸው የለም። እዚህ ያለው ሬዲዮ ሁሉ ደቅቋል።»

«ሁሉም አይደለም» አለች ሂሜና። «የገዳዩ ጀልባ ላይ አንድ አለ።»

በኋላው በር ወጡ። መሰላሉ በነፋሱ ይወዛወዛል። ኒባልዶ በአንድ እጁ እየያዘ ወረደ፤ ደሙ በሻሹ አልፎ እርከኖቹ ላይ ይንጠባጠባል። ሂሜና ተከትላው ጀልባው ውስጥ ገብታ ወገቡን ደገፈችው። ሬዲዮውን ከፍቶ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫነ።

«አራውካና፣ ሎስ ኤርማኖስ፤ ኒባልዶ ነኝ። የሰሜኑ ነፋስ ተነስቷል፤ አሁኑኑ ተመለሱ። ትሰሙኛላችሁ?»

«አራውካና፣ ሰምተናል። መረብ እያነሳን ነው፣ እንመጣለን።»

ሁለተኛው አልመለሰም። ኒባልዶ ደግሞ ጠራ። ሦስተኛ ጠራ። የሬዲዮው ሹክሹክታ ብቻ ተሰማ። ሂሜና ወገቡን የያዘው እጇ እየጠበቀ መሄዱን አላወቀችም።

«ሎስ ኤርማኖስ! ሎስ ኤርማኖስ፣ ስለ እናታችሁ ብላችሁ መልሱ!»

«ኧረ ቀስ በል፣ ጆሮዬን በጠስከው!» አለ ሳቅ ሳቅ የሚለው ወፍራም ድምፅ። «እኔ እኮ አሣ እየጠበስኩ ነበር። ምን ሆነህ ነው እንደዚህ የምትጮኸው?»

ኒባልዶ ግንባሩን ሬዲዮው ላይ አስደገፈ።

«ና ወደ ቤት» አለው።