በጠመኔ የተጻፈ ስም

«ጎላ አድርገው ይጻፉት እንጂ፣ እማማ ሴፋቶ! ከዛምቢያ ድንበር መታየት አለበት» አለ ሞዲሪ፣ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ።

እማማ ሴፋቶ በአሮጌው ላንድክሩዘር የግራ በር ላይ ስሙን በጠመኔ እየጻፉለት ነበር። በማውን ከተማ የአሮጌ መኪና አፍቃሪዎች ዘንድ ሕጉ እንዲህ ነው፦ ከሞት የተነሳ መኪና ትልቁን የአሸዋ አቀበት በሦስት ሙከራ ከወጣ፣ የጠገነው ሰው ስም በሩ ላይ በቀለም ይጻፋል። ያ ቀለም አይለቅም። በሩ ዝጎ ቢረግፍ እንኳ ስሙ ብቻውን ቆሞ ይቀራል ይባላል። እስከዚያው ግን ጠመኔ ነው።

ሞራቲዋ ባዶ ጄሪካን ላይ ተቀምጣ፣ የሻይ ፔርሙዝ በጉልበቶቿ መሀል አጣብቃ ታያቸዋለች። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው። የያዘችው ቂም ግን ቢያንስ የመቶ ዓመት ነበር።

መኪናው የማሎሜዋ፣ ማለትም የእናቷ ወንድም የራንኮ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ግራር ሥር ቆሞ ስንት ትውልድ ዶሮ አሳድጓል። ሞራቲዋ ስምንት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ሆዱ ሥር ተጋድማ ካምቢዮውን አወረደች፣ ፍሪሲዮኑን ቀየረች፣ ካርቡራቶሩን እንደ እጅ ሰዓት ፈታታ ገጠመች። ከጥፍሯ ሥር የገባው ግሪስ ለሁለት ከባድ መኪና ይበቃል። የክፍል ጓደኛዋ ሞዲሪም አንድ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። መጥቶ የሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጥና ያወራል። ካቻቢቴ ስትለው መዶሻ ያቀብላታል። ቢሆንም ወሬው ያስቃት ስለነበር አንድ ቀን ከፍቷት አያውቅም።

እስከ ሐሙስ ድረስ ማለት ነው። ሐሙስ የከተማው ሬዲዮ ትምህርት ቤታቸው መጣ።

«ብቻዬን ነው የሠራሁት» አለ ሞዲሪ፣ ማር በሚያንጠባጥበው ድምፁ። «አንዲት ልጅ አለች… ሻይ ታፈላልኛለች።»

ዐርብ ጠዋት ከዘበኛው ጀምሮ ትምህርት ቤቱ በሙሉ «ሻይ!» እያለ ጠራት። የሒሳብ አስተማሪው ሳይቀሩ ደብተሯን ሲመልሱላት «የኔን ያለ ስኳር» አሏት።

ከሰዓት በኋላውን በቀል ስታሰላ ዋለች። የነዳጅ ሳልባትዮው ውስጥ ስኳር ብትጨምርስ? ሞተሩ ምን አጠፋ! የካንዴላ ገመድ ብትነቅልስ? እነዚያን ገመዶች በጥርስ ብሩሽ ነው ያጸዳቻቸው። በቀሉ መኪናውን ሳይነካ ሞዲሪን አጥንቱ ድረስ የሚያቃጥል መሆን ነበረበት። ከዚያ ትዝ አላት።

በሁለቱ የፊት ጎማዎች እምብርት ላይ አንድ አንድ መቆለፊያ አለ። አሮጌ መኪና እንደ ዛሬዎቹ ቅምጥሎች አይደለም። አሸዋ ከመግባትህ በፊት ወርደህ፣ ተንበርክከህ፣ ሁለቱን በእጅህ አዙረህ ካልቆለፍካቸው፣ ውስጥ ሆነህ ማርሹን እስከ ምጽአት ብትጎትት የፊት ጎማዎች አይጎትቱም። ሁልጊዜ የምትወርደው ሞራቲዋ ነበረች። ሞዲሪ ያን ጊዜ በመስታወቱ ጸጉሩን ያያል።

ስለዚህ በቀሏ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ምንም አለማድረግ።

«ዛሬ ብቻዬን ብነዳ ይሻላል፤ ክብደት እንዳይበዛ» አላት ሞዲሪ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስሙ ተጽፎ እንዳለቀ በሩን እየከፈተ። አቀበቱ ያለበት እርሻ የግል ስለሆነ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም።

«ይቅናህ» አለችው። ከልቧ ነው የሳቀችለት።

ላንድክሩዘሩ እያጓራ ተነሳ። ያ አቀበት ዝሆን እንኳ አይቶት ዞሮ የሚሄድ አቀበት ነው። መኪናው ግማሽ ድረስ ወጣና የኋላ ጎማዎቹ ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ሞዲሪ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ወረደ።

«ሞተሩን ላሙቀው ብዬ ነው!» ብሎ ጮኸ በመስኮቱ።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። ጎማዎቹ አሸዋውን እንደ ምንጭ ረጩት፤ መኪናው ሆዱ ድረስ ተቀበረ። ስምንት ሰው ነው ገፍቶ ያወረደው።

«ሬዲዮ ክፈቱለት! በወሬ ይወጣዋል!» አለ ከጥላ ሥር ሆነው ከሚያዩት ሽማግሌ ሹፌሮች አንዱ።

«ሻይ ያላችሁ፣ ጉሮሮውን አርጥቡለት!»

አቤት፣ እንዴት ይጣፍጥ ነበር! ሞራቲዋ እያንዳንዱን ሳቅ እንደ ማግዊኛ፣ እንደዚያ ትኩስ የተጠበሰ ሊጥ፣ ቀስ ብላ አላመጠችው። አንድ ሙከራ ቀርቷል። እሱም ከከሸፈ ሞዲሪ ይህን ከተማ ለቆ ወደ ጨረቃ መሰደድ ነው የሚሻለው።

ማሎሜ ራንኮ በጄሶ የታሰረ እግሩን እየጎተተ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«መቆለፊያዎቹ ክፍት ናቸው» አላት በቀስታ።

«አውቃለሁ።»

«እኔም አይቻለሁ። ከመጀመሪያው ሙከራ ጀምሮ።»

ዞር ብላ አየችው። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እኔም ሐሙስ ሬዲዮ ሰምቻለሁ።» አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አቀና። «ይሸትሻል? ፍሪሲዮን ነው። ያንቺ ፍሪሲዮን እየተጠበሰ ነው። ሙከራው ደግሞ በዓመት አንዴ ነው፤ አሁን ካልወጣ ለሚመጣው ዓመት ነው። እኔ በዚህ እግር መንበርከክ አልችልም።»

ተነስቶ ሄደ። ሞራቲዋ አሸተተች። የስምንት ወር ቅዳሜዋ ነበር የሚሸተው።

ፔርሙዙን ከፈተች። አንድ ኩባያ ቀይ ሻይ እስከ አፉ ሞላችና፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ጠብታ ሳታፈስ አሸዋውን አቋርጣ በመስኮቱ አቀበለችው።

«ሻይህ።»

የሞዲሪ ፊት በላብና በአሸዋ ተለውሶ ጭቃ ሆኗል። «ምን አድርገሽው ነው?» አላት በሹክሹክታ።

«ምንም። እኔ ሻይ ነው እኮ የማፈላው።»

«ሞራቲ፣ በናትሽ…»

«አሸዋ ከመግባታችን በፊት ሁልጊዜ ወርጄ ምን ነበር የማደርገው?»

ሞዲሪ አሰበ። «ጫማሽን… የምታስሪ ነበር የሚመስለኝ።»

ሳቋን እንደ ትኩስ ፍም ዋጠችው። «በል የማታውቀውን ጠይቅ። ጮክ ብለህ ግን፤ እንደ ሬዲዮው።»

ሞዲሪ አቀበቱን አየ፣ በጥላው ሥር የተኮለኮሉትን አርባ ሹፌሮች አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«የፊት ጎማው መቆለፊያ… እንዴት ነው የሚቆለፈው?»

እነዚያ ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቁት ከእናታቸው ጡት ጋር ነው። ከዚያ የተነሳው ሳቅ ጉማሬዎቹን ከወንዝ አስወጥቷል ቢባል አላጋነንኩም። መኪናውን ማን እንደጠገነው ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

ሞራቲዋ ተንበረከከች። የግራውን አዞረች፣ ቀጭ። የቀኙን አዞረች፣ ቀጭ።

«ወደዚያ ሁን» አለችው። ሕጉ ስለ መኪናው እንጂ ስለ ሹፌሩ የሚለው ነገር የለም። ሞዲሪ ኩባያውን እንደ ታቦት ይዞ ወደ ተሳፋሪው ወንበር ተሻገረ።

አልሮጠችበትም። መኪናው አራት እግሩን ተክሎ፣ እንደ ኤሊ እየረገጠ፣ እየረገጠ ወጣ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ከሻዩ የቀረው በሞዲሪ ሸሚዝ ላይ የፈሰሰው ብቻ ነበር።

እማማ ሴፋቶ ነጭ ቀለምና ብሩሽ ይዘው እያለከለኩ ደረሱ።

«ስም?»

«ሞራቲዋ።»

ከጠመኔው በላይ በትልልቁ ጻፉት። ከዚያ ብሩሹ ወደ ታችኛው ስም ወረደና ቆመ። «ይሄንንስ? ላጥፋው ወይስ ቀለም ልቀባው?»

ሞዲሪ ሸሚዙ እየተንጠባጠበ አጠገባቸው ቆሟል። ዓይኑ ከብሩሹ ጫፍ አልተነቀለም።

ሞራቲዋ አውራ ጣቷን በመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፈች። አንድ ማበስ ይበቃ ነበር። ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ደመና የለም፤ ዝናቡ ሊገባ አንድ ወር ይቀረዋል። አንድ ወር ደግሞ አራት ቅዳሜ ነው። ጣቷን አነሳች።

«ይቆይ» አለች። «ዝናብ እስኪመጣ። እስከዚያ ሠርቶ ካልተገኘ ያጥበዋል።»

ከዚያ ወደ ሞዲሪ ዞራ ባዶውን ፔርሙዝ አስታቀፈችው።

«ቅዳሜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ሻዩን አፍልተህ ና።»