ፈገግ ያለችው ጎረቤት

ዘነበች ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን ኩዌት፣ ማህቡላ ሰፈር ያለ የሚያውቃት ሁሉ ይመሰክርላታል፤ ካልመሰከረም እሷው ታስታውሰዋለች። ሩማይሲያ በሚባል ሌላ ሰፈር ስምንት ዓመት ማዳም ቤት ሠርታ፣ አሁን የሴቶች ሳሎን ውስጥ ፀጉር ትሠራለች። ሦስት አልጋ ያለው አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ካፌ ከምትሠራው ከምሥጢር ጋር ትኖራለች። ሦስተኛው አልጋ ሰሞኑን ባዶ ነው።

አርብ ረፋድ ላይ ሃጀር የምትባል የደሴ ልጅ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። የነበረችበት ቤት ስለተለቀቀ ማደሪያ አጥታለች። ዘነበች በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ አለችላት። ቀዝቃዛ ውሃም ሰጠቻት።

«እኔ በበኩሌ ደስ ባለኝ፣ የኔ እህት። ሙስሊም ክርስቲያን ብዬ ሰው የምለይ አይደለሁም። ግን ሌሎቹ ቅር ይላቸዋል። ድስታችን አንድ ነው፣ ጾምም አለ...»

ሃጀር ውሃውን ጠጥታ፣ አመስግና ወረደች።

«ሌሎቹ ማን ናቸው?» አለች ምሥጢር ከአልጋዋ ላይ። «እኔ ከሆንኩ ማንም አልጠየቀኝም። ደግሞ እትዬ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ የማዳምን በግ ስትበዪ ማን ነበር ያረደው?»

«የሥራ ቤት ሌላ፣ የራስ ቤት ሌላ። ይልቅ ፊልሙን ክፈቺልኝ!»

ፊልሙ ናዚዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስድስት ሚሊዮን አይሁዶችን የፈጁበትን ዘመን የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ ነው፤ ንግግሩ በዓረብኛ ተተክቷል። ዘነበች መጀመሪያ ያየችው ኩዌት በገባች ሰሞን፣ ማዳም ቤት ልብስ ስትተኩስ ነበር። ያኔ ዓረብኛ አትሰማም። ሆኖም አንዲት ሴት ከልቧ አልወጣችም። ሁለት ልጆች የያዙ ባልና ሚስት ሸሽተው በሯን ሲያንኳኩ ከፍታ ፈገግ ያለች፣ ዳቦ የሰጠች ጎረቤት። «እንደዚያች ያለ ደግ ሰው ባይኖር ዓለም ምን ይውጣት ነበር!» እያለች ምሥጢርን አሰልችታታለች።

ያ ቦታ ደረሰ። ሴትዮዋ በሩን ከፈተች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች፣ ዳቦውን ሰጠች። ከዚያም ተናገረች።

«እኔ በበኩሌ እወዳችኋለሁ። ግን ሌሎቹ ምን ይላሉ? ሌላ ቦታ ፈልጉ።»

በሩ ተዘጋ። ቀጥሎ የታዩት ያው ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ወደ እልቂቱ ካምፕ በሚወስደው ባቡር አጠገብ ተሰልፈው ነው።

«መልሺው» አለች ዘነበች።

ምሥጢር መለሰችው። ዘነበች እንደገና አስደገመችው። በሦስተኛው ላይ ዓይኗ ከቴሌቪዥኑ ተነሥቶ የገዛ ቤቷ በር ላይ አረፈ።

«ዳቦ ሰጠቻቸው እኮ...»

«ሰጠቻቸው» አለች ምሥጢር፤ ለመቀለድ አፏ አልታዘዘላትም። «ያኔ ቋንቋውን ስላልሰማሽ ነው፣ እትዬ።»

አልጋ መከልከልና ያ እልቂት አንድ ናቸው አልልም፤ እንዲያ ማለት የሞቱትን ማቃለል ነው። ነገር ግን ያን ሕዝብ ለባቡሩ የዳረጉት ጠመንጃ የያዙት ብቻ አልነበሩም። በራቸውን በትሕትና የዘጉም አሉበት። እኛ እንዲህ ያለ ፊልም አይተን ስናለቅስ ራሳችንን ከተባረሩት ጋር እናሰልፋለን፤ በሩን የዘጋው ማን እንደሆነ ግን መለስ ብለን አናይም።

ዘነበች በቤት ነጠላ ጫማዋ እየሮጠች ወረደች። አስፋልቱ ይፋጃል። ሃጀር አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች።

«ተነሺ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አለቻት። ዘነበች በዚያ ሰዓት ፈገግ አላለችም።

ሃጀር ቀና ብላ አየቻት። «ሌሎቹ ቅር ይላቸዋል ብለውኝ አልነበር?»

ዘነበች ጎንበስ ብላ የሻንጣውን እጀታ ያዘች።

«ሌሎች የሉም፣ ልጄ። እኔው ነኝ።»