ጆሮ ጡቡ የቆጠራት ሴት

በባሕረ ሰላም ከተማ፣ ቤቶች ስለ ነዋሪዎቻቸው መመስከር ከጀመሩ ወዲህ ግብር ማጭበርበር ቀርቷል። ከተማዋ ሐይቅ ላይ ትንሳፈፋለች፤ በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ደግሞ አንድ ጆሮ ጡብ አለ። ጆሮ ጡብ ማለት የሰው ድምፅ እየለየ በቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖር የሚቆጥር ጡብ ነው። የተባለውን ነገር አያስቀምጥም፤ ወሬ አይወድም። ነዋሪው ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ ከሆነ የቤት ግብሩ ይነሳለታል፣ የመብራትና የውሃውንም ግማሽ ከተማው ይከፍልለታል። ይህን እፎይታ ይሉታል። ሁለተኛ ሰው ከተገኘ ግን ሙሉውን መክፈል ነው፤ ያልከፈለ ቤቱ በጨረታ ይሸጣል።

የአቶ ዘርጋው ጡብ ተበላሽቷል የሚል አቤቱታ ሲመጣ ከጡብ ጠጋኞቹ ሁሉ ቀድማ "እኔ እሄዳለሁ" ያለችው ትርሲት ነበረች። ባልደረቦቿ ትጋቷን አደነቁ። ትጋት አልነበረም። ያንን ሰው ለዓመታት በሆዷ ይዛው ኖራለች።

እናቷ ወይዘሮ የሺመቤት ባሏ ሞቶባት እፎይታ በጠየቀች ጊዜ ጡቦቹ ገና አልተገጠሙም። ደንቡ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእድሩ ዳኛ ደጃፏ ላይ ቆሞ "አውቃታለሁ፣ የሚረዳት የላትም" እንዲል። የእድሩ ዳኛ አቶ ዘርጋው ነበር፤ ግድግዳ የሚጋራት ጎረቤቷ፣ በየበዓሉ ከማዕዷ የማይጠፋ ሰው። ደጃፏ ላይ ቆሞ፣ ሹሞቹ ፊት፣ "አላውቃትም" አለ። ቤቷ ለጨረታ ቀረበ፤ ገዢው ራሱ ሆነ። መሃል ያለውን ግድግዳ አፍርሶ ሳሎኑን አሰፋ። እናቷ በተከራየችው ጓዳ ክረምቱን እንኳ አልጨረሰችም።

ሽማግሌው በሩን ሲከፍት አላወቃትም፤ መጨረሻ ያያት በልጅነቷ ነው። ጎብጧል፤ ጋቢው ነትቧል።

"ግቢ ልጄ። ይኼ ጡብ ጉድ አደረገኝ። አንድ ራሴን ሁለት ናችሁ ይለኛል። በዚህ ወር ካልተስተካከለ ቤቱን ይወስዱታል፤ በዚህ ዕድሜዬ የት ልወድቅ ነው?"

"ሌላ ሰው የለም?"

"ማን ይመጣል ብለሽ።"

ትርሲት ጡቡን ፈታች፣ አጸዳች፣ መልሳ ገጠመች። ምንም አልተገኘበትም። "እስቲ የቤቱን ሥር ልየው" ብላ ወደ ጀልባዋ ወረደችና ጡቡ የሚሰማውን የሚያሰማትን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ወንበር ሲሳብ ሰማች። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ መጣ፦ "የሺመቤት፣ ዛሬም ይቅር በይኝ።" ቀጥሎ የሴት ድምፅ፤ መጀመሪያ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያም "እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ጋሽ ዘርጋው። እኔስ ይቅር ብያለሁ።"

የእናቷ ድምፅ ነበር፤ ትንፋሹ ሳይቀር። ትርሲት ወጥታ በመስኮቱ አየች። ሽማግሌው ብቻውን ነው። ከአንዱ ወንበር ተነሥቶ ወደ ሌላው እየተዛወረ የራሱን ልመና ራሱ ይመልሳል። ጡቡ አልተበላሸም። ሰውየው ለዓመታት ሲለማመደው ኖሮ የእናቷን ድምፅ አጥርቶ ስላወጣው ጡቡ ሰው ብሎ ቆጥሮታል።

ደሟ ፈላ። የእናቷን ቤት መውሰዱ ሳያንሰው አፏንም ወስዷል። በሟች አፍ ለራሱ ምሕረት ያድላል፤ ያውም በየቀኑ፣ ያውም በነጻ። እንግዲያው ግብር ይክፈልበት አለች በልቧ።

ተመልሳ ገባች። "ጡቡ ደህና ነው። ጡቡና ባለቤቱ ካልተስማሙ አንድ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ይመሰክራል፤ እንደ ድሮው።"

"አንቺው መስክሪልኛ። ብቻዬን መሆኔን አይተሽ የለ?"

"አይቻለሁ" አለችና ደጃፉ ላይ ቆመች።

"ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?" አለ ጡቡ።

ትርሲት መጀመሪያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "የየሺመቤት ልጅ ነኝ" አለችው። እሱ አንድ ጊዜ አያት፤ ከዚያ ግድግዳውን ያዘ። ያኔ ለጡቡ "አላውቀውም" ብላ መለሰች።

"ምስክር አልተገኘም። ሁለት ሰው" አለ ጡቡ።

በጀልባዋ ስትመለስ ደስ አላት። ምን መደበቅ ያስፈልጋል፣ ከልቧ ደስ አላት። ማዳመጫውን ግን አላጠፋችውም፤ ሲለምን ልስማው ብላ ነው። በየማምሻው ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች። ወንበሩ ይሳባል። "የሺመቤት" ይላል ሽማግሌው፤ ከዚያ ወደ ሌላው ወንበር ይዛወራል፣ ትንፋሹን ይስባል፣ ቃል ግን አይወጣውም። ውሎ አድሮ ትርሲት አንድ ነገር ገባት፤ እሷ የምትጠብቀው የእሱን ልመና ሳይሆን የእናቷን መልስ ነበር።

ወሩ ሲያልቅ ጡቡ እንደ ደንቡ እንደገና ቆጠረ። ውጤቱ ለጠጋኟ ደረሳት። የአቶ ዘርጋው ቤት፦ አንድ ሰው። እፎይታ ተፈቅዷል።

ማዳመጫውን በንዴት ወረወረችው። ሽማግሌው ቤቱን አተረፈ። እናቷ ግን ከዚያ ቤት ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች፤ የአሁኑን "አላውቀውም" ያለችው ልጇ ነበረች።

ቆይታ ማዳመጫውን አነሳችው። እዚያ ማዶ ወንበሩ ተሳበ። "የሺመቤት" አለ ሽማግሌው። ትርሲት ረጅም ትንፋሽ ስባ፣ ማንም በማይሰማት ክፍል ውስጥ፣ "እንግዲህ ምን ይደረግ" አለች።

ደጋግማ ሞከረችው። የእናቷን ድምፅ አልመሰለም።