እምቢ ያለው አርማ

«አሁንስ ወጣ?» አለ ያብስራ፣ ገና በሩን ሳይዘልቅ።

«አልወጣም» አለች ሀዊ። ዛሬ ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳለች እሷም አታውቀውም።

ዲላ ያለው ትምህርት ቤታቸው ድረ ገጽ ሊኖረው ነው። ገጹን የሠራችው ሀዊ ናት፤ ነገ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ወላጆች ባሉበት ይመረቃል። ፎቶውም ጽሑፉም ይከፈታል። ብሮውዘሩ አናት ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ ስም ጎን ቁጭ ማለት ያለበት ትንሹ አርማ ግን እምቢ ብሏል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ከገጹ ሁሉ የገባቸው አርማው ብቻ ነው፤ ያገኙትን ሰው ሁሉ «አርማ አለን» እያሉ ጠርተዋል። ነገ ካልታየ ኮምፒውተር ክፍሉን ከሰዓት በኋላ ለቲያትር ክበብ እሰጣለሁ ብለው ዝተዋል። ሀዊ ቤቷ ኮምፒውተር የላትም። ይህ ክፍል ከተወሰደባት አለቀላት።

ያልሞከረችው የለም። ፋይሉ ፎልደሩ ውስጥ መኖሩን አየች፤ አለ። ኮዱ ላይ ያለውን አድራሻ አመሳከረች፤ ልክ ነው። የፋይሉን ዓይነት ቀየረች። ብሮውዘሩ ያጠራቀመውን የድሮ ነገር ሁሉ አጠፋች። የአይሲቲው መምህር ሽመክት አንገታቸውን አስግገው አዩና «ኔትወርክ ነው» ብለው ሄዱ። እሳቸው ዘንድ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ኔትወርክ ነው።

«ሥዕሌ ነው እንዴ ችግሩ?» አለ ያብስራ። አርማውን የሳለው እሱ ነው።

«ሥዕልህማ አሪፍ ነው።»

እውነቷን ነው። ግን እንዴት እንደተሳለ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያብስራ የሳለው አንድ የእንሰት ቅጠል ብቻ ነበር። ከዚያ የአይሲቲ ክበቡ ተሰበሰበ። የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚሉት ሸንጎ ተቀምጠው ሁሉም እስኪስማማ እንደማይነሡት ሁሉ፣ ክበቡም አንድ ሰው ቅር ብሎት አይበተንም። ስለዚህ መጽሐፍ ተጨመረ፣ ችቦ ተጨመረ፣ ኳስ ተጨመረ። ከወርቃ ከተማ የመጣው ጋዲሳ የቡና ፍሬ ይግባ አለ። ከይርጋጨፌ የመጣችው ትንሳኤ «የየት ቡና?» ብላ ጠየቀች፤ ፍሬው ሁለት ሆነ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። ሀዊም የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ዜና አንባቢ ናትና «ማይክራፎንስ?» ብላ አስጨመረች። ሁሉም ደስ ብሎት ተነሣ።

አሁን ሀዊ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ሳለ፣ ከትምህርት ቤቱ ስም ጎን አንድ አረንጓዴ ነገር አየች። ምሳዋን ቆጮ በጎመን እዚሁ ኮምፒውተሩ ፊት ነበር የበላችው። አፈረችና በሹራቧ እጅጌ ጠረገችው። አልለቀቀም። ምራቅ አስነክታ ፈተገችው። አልለቀቀም። ሌላ ገጽ ስትከፍት ጠፋ። ወደ ራሳቸው ገጽ ስትመለስ ጎመኑ ከቦታው ቁጭ ብሏል።

ክው አለች። አርማው ጠዋትም ወጥቶ ነበር፣ ትናንትም ወጥቶ ነበር። ያ ሁሉ ጓዝ ከጥፍር ባነሰች ቦታ ታጭቆ፣ ቅጠሉ ከችቦው የማይለይ ጭቅቅት ሆኗል እንጂ።

«ምንድን ነው የምትፈትጊው?» አለ ያብስራ።

«ኔትወርክ ነው» ልትለው ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ያብስራ ያምናታል፤ ርዕሰ መምህሩም ምናልባት ያምኑ ይሆናል። በዚያ ሥዕል ላይ አጎንብሶ የሰነበተው ልጅ ፊቱ ሲቀየር ማየት አልፈለገችም፤ አሳዘናት።

«ወንበር ሳብና ና ተቀመጥ» አለችው። «አርማው ወጥቷል።»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

በጣቷ አሳየችው። አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ምንም እስኪቀረው ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ እሱም እጅጌውን ሰብስቦ ጠረገው።

የሀዊ ሳቅ አመለጣት። እሱ ግን አልሳቀም።

«እኔ እኮ ቅጠሉን ብቻ ነበር የሳልኩት» አለ።

«አውቃለሁ። ሌላው ሁሉ ከተሰረዘ ቅጠሉ ጥርት ብሎ ይታያል።»

«ታዲያ ማንን ነው የምናስቀይመው? ጋዲሳን ነው ትንሳኤን?»

ሀዊ የሥዕሉን ፋይል ከፈተችና ማውሱን ወደ እሱ ገፋችለት።

«መጀመሪያ የኔን ማይክራፎን አጥፋ» አለችው።